የልጅ ዕዳ፥ የቤት ዕዳ

ባለፈው ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከመዘዞ የመጣ ነው። መዘዞ፥ ለማያውቃት ሁሉ፥ ከጣርማ በር ተነሥቶ ወደ መንዝ፥ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ብርዱ የጠና፥ ገብስና ባቄላ የሚዘራባት፥ በግ የሚረባባት የሰሜን ሸዋ ደጋ ናት። ደብዳቤውን የጻፉልን የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸውን እንዳንገልጽ ለምነውናልና አንገልጽም፤ ነገር ግን ጭንቀታቸው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት ጭንቀት መሆኑን ስለ ተረዳን፥ የዚህን ወር ዐምዳችንን በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ወር ባለቤታቸው በሌሊት ሆዳቸውን በኃይል ታመሙ። አንጀታቸው ተጠምዝዞ ኖሮአል። ይህ በደጋው አገራችን ብዙ ጊዜ የሚታይ፥ ፈጥኖ ሐኪም ካልደረሰበት ሰው የሚገድል በሽታ ነው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ከመኪና አደረሳቸው፤ በመጀመሪያ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። በአንድ የግል ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ዘጠኝ ቀን ቆዩ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ድነው ከቤታቸው ገብተዋል።

ገንዘቡን የላከችው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አካባቢ አረጋውያንን በመርዳት ሥራ የምትኖር የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ለሕክምናው 4,200 ዶላር ላከች፤ አባቷን በሕይወት ለማየት ለመጣችበት የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ 1,800 ዶላር ከፈለች። በድምሩ 6,000 ዶላር መሆኑ ነው። እናቲቱም «ልጄ አላፍራ ኖሮአል፤ እግዚአብሔር ሰጥቷት ኖሮአል» ብለው አመሰገኑ።

በፋሲካ ሰሞን ግን ከዚያው አገር የመጣ አንድ ዘመድ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው። ልጅቱ አንድ ዶላር የተቀመጠ ገንዘብ አልነበራትም። 6,000 ዶላሩ በሙሉ የመጣው ከክሬዲት ካርድ፥ ማለት ከባንክ የብድር ካርድ ነው። ዛሬ ቀንም ሌሊትም ትሠራለች፤ ዕዳው ግን ከቦታው ፈቀቅ አላለም። ይህንንም ለወላጆቿ እንዳይነግርባት ዘመዱን አስምላው ነበር።

እናቲቱ አራት ነገር ይጠይቁናል። «ማወቄን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጬ፥ ካልበቃም በወር ከመቶ 10 በሚያበድረን ሰው ተበድሬ ልላክላት ወይ? ታናሽ ወንድሟ ትምህርቱን ትቶ ኦፓል ቆፍሬ የእኅቴን ዕዳ እከፍላለሁ ብሎ ተነሥቶአልና ልተወው ወይ? ለኅዳር ሚካኤል ያሰብነውን የምስጋና ድግስስ ምን ላድርገው? እርስዋ ለዚሁ 1,000 ዶላር እልካለሁ ብላለች።»

እንግዲህ በተራ በተራው እንመልስ። አስቀድሞ ግን ልጅቱን የያዛት ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው፤ ዛሬም ሰው ሲታመም «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚያው የቀረ ቃል ነው። በዚያ ሥርዓት ቢያንስ ሰንሰለቱ ይታይ ነበር፤ ዘመድም አይቶ ዋስ ይሆን ነበር። የካርድ ዕዳ ግን ሰንሰለቱ አይታይም። ልጅቱ በፎቶግራፍ ላይ ለብሳና አጊጣ ስትስቅ እንጂ ከማን ጋር እንደ ተቆራኘች መዘዞ ላይ ሆኖ የሚያይ የለም።

የካርዱ አሠራር ይህ ነው። ባንኩ ለሰውየው «እስከዚህ መጠን ድረስ በእኔ ገንዘብ ግዛ» ብሎ ካርድ ይሰጠዋል። የወሩን ሒሳብ በወሩ በሙሉ የከፈለ ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ አይከፍልም። ያልከፈለ ግን በቀረው ላይ ወለድ ይታሰብበታል፤ ይህም ወለድ በአሜሪካ አገር ዛሬ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነው። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ያወጣ ወይም በካርዱ ወደ ውጭ አገር ገንዘብ የላከ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ባንኩ ብዙ ጊዜ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥርበታል፤ ወለዱም የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለአባቷ ነፍስ የተጣደፈች ልጅ ይህን ሁሉ መርምራ ነው የላከችው ለማለት አንችልም።

ቁጥሩን እንመልከት። ወለዱ በዓመት ከመቶ 24 ነው እንበል። ይህ በወር ከመቶ 2 ነው። በ6,000 ዶላር ላይ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 120 ዶላር ይሆናል። ልጅቱ በየወሩ 150 ዶላር ብትከፍል ከዋናው ዕዳ የሚነሣላት 30 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ብትቀጥል ዕዳው የሚያልቀው ከ6 ዓመት ከ10 ወር በኋላ ነው፤ የከፈለችውም በጠቅላላው 12,190 ዶላር ያህል ይሆናል። ይኸውም አባቷን ሁለት ጊዜ እንዳሳከመች ያህል ነው። በወር 300 ዶላር ብትከፍል ግን በ26 ወር ትጨርሳለች፤ ጠቅላላው 7,740 ዶላር ያህል ነው። በወር 500 ዶላር ብትከፍል በ14 ወር ታበቃለች፤ ጠቅላላውም 6,930 ዶላር ያህል ነው።

ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያየውም፤ ባንኩ በየወሩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ ትንሽ ስለ ሆነ፥ እርሱን የከፈለ ሁሉ ዕዳውን የሚከፍል ይመስለዋልና ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ባወጣው ሕግ ባንኮች በየወሩ በሚልኩት የሒሳብ ወረቀት ላይ «ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍል ዕዳህ በዚህን ያህል ዓመት ያልቃል» ብለው እንዲጽፉ ያስገደዳቸው ስለዚህ ነው። ልጅዎ ያንን ወረቀት አውጥታ ታንብበው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

የመጀመሪያው፥ «ልንገራት ወይስ ዝም ልበል» የሚለው ነው። እኅታችን ሆይ፥ ይንገሯት። ልጅዎ የደበቀችዎ ለክፋት አይደለም፤ እርስዎም ዝም ለማለት ያሰቡት እንዳታፍር ብለው ነው። ሁለት ሰዎች በፍቅር ሲደባበቁ ግን ዕዳው በመካከላቸው ይወፍራል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሆድ ሕመም ብቻ አይደለም።

አነጋገሩ ግን ይታሰብበት። ዘመዱን አሳልፈው ሳይሰጡ፥ በወቀሳም ሳይሆን፥ ጎረቤት በሌለበት ሰዓት ደውለው እንዲህ ቢሏት ይበቃል፦ «ልጄ፥ አባትሽን ያዳንሽው በብድር እንደ ሆነ ደርሼበታለሁ። ያንቺ ዕዳ አይደለም፤ የቤታችን ዕዳ ነው። ስንት እንደ ቀረሽና በወር ስንት ወለድ እንደሚበላሽ ንገሪኝ፤ እኔም እዚህ ያለውን እነግርሻለሁ።» ይህን ቃል የሰማች ልጅ በዚያች ሌሊት ትተኛለች። ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ የሷም የናንተም ገቢና ወጪ ይጻፍ።

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የዚያችን መበለት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልዋ ሞቶ፥ ባለዕዳው ሁለት ልጆችዋን ለባርነት ሊወስድባት በመጣ ጊዜ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩም አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ያለውን ነገር ነበር። ዘይቱ በተባረከም ጊዜ ትእዛዙ በቅድሚያ ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ ከተረፈው ደግሞ ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነበር። ተአምር በተደረገበት ቤት እንኳ ያለውን ነገር መቁጠር አልቀረም፤ የዕዳም ተራ ከድግስ ተራ በፊት ነበር።

ሁለተኛው የበሬዎቹ ነገር ነው። በሬዎቹን አይሽጡ። በሬ የሚበላ ሀብት አይደለም፥ ሀብት የሚያመጣ ነው እንጂ። የእርሻ በሬውን የሸጠ ገበሬ የሚመጣውን ዓመት እህል አስቀድሞ ሸጦአል ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ቢሆን፥ ዕዳ ከተፈረደበት ገበሬ ላይ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብትና ዘር እንዳይወሰዱበት የከለከለው ይህን አውቆ ነው። ፍርድ ቤት የማይወስድብዎትን እርስዎ በገዛ እጅዎ አይስጡ።

ከዚህም በላይ የበሬው ዋጋ ብር ነው፤ የልጅዎ ዕዳ ግን ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፥ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎአል። ብርን ወደ ዶላር ለውጦ ወደ ውጭ መላክም በደንብ የታጠረ ነው፤ በጓሮ በር የሚደረገውም ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ ከመዘዞ ወደ አሜሪካ የሚላክ ገንዘብ በየመንገዱ ተንጠባጥቦ ያልቃል።

በወር ከመቶ 10 ስለሚያበድረው ሰው ግን የምንናገረው ቃል ጥብቅ ነው፤ ከደጁ አይድረሱ። በወር ከመቶ 10 በዓመት ከመቶ 120 ነው። ከመቶ 24ቱን ዕዳ በከመቶ 120 ዕዳ መክፈል ከረመጥ ሸሽቶ ወደ እሳት መግባት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውና ሰው በውል ሊበዳደሩበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወስኖታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሰው ችግር ገብቶ አራጣ የሚያበድረውን ይቀጣል። ስለ አራጣ የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ያስተማሩት ደግሞ ከዚህም የቆየና የከበደ ነው።

«እንግዲያስ እኛ በምን እንርዳት?» ይሉን ይሆናል። ትልቁ ርዳታችሁ ባለመጠየቅ ነው። ልጅዎ በየወሩ ለቤት 200 ዶላር እንደምትልክ በደብዳቤዎ ጽፈዋል። ከዚህ ሌላ ለራስዋ ቆጥባ ለካርዱ በወር 300 ዶላር መክፈል ትችላለች እንበል። ቀደም ብለን እንዳሳየነው በ300 ዶላር 26 ወር ይፈጃል። እናንተ 200ውን ለጊዜው ብትተዉላት ግን 500 ዶላር ይሆንና በ14 ወር ታበቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ ከትከሻዋ ታነሣላችሁ፤ ለባንኩ ሊሄድ የነበረ 800 ዶላር ያህልም ይተርፋል። ይህን ሁሉ የምታደርጉት መዘዞ ተቀምጣችሁ፥ አንድ ሳንቲም ወደ ውጭ ሳትልኩ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው በዚህ ይፈጸማል።

ያለ 200 ዶላሩ 14 ወር መኖር ቀላል ነው አንልም። አባወራው ገና ከባድ ሥራ አይችሉም፤ ልጅም ትምህርት ቤት አለ። ነገር ግን ከደብዳቤዎ እንዳነበብነው በቤታችሁ አሥራ አራት በጎች አሉ። ለደጋ ሰው በግ ተንቀሳቃሽ ባንኩ ነው። ለድግሱ የታሰቡት ሙክቶች ለበዓል ገበያ ይውጡ፤ እናት በጎቹ ግን ይቆዩ። አዲስ ቤት የማደሱ አሳብ ይቆይ። ለጥምቀትና ለፋሲካ ከውጭ የሚመጣው ልብስም ይቅር። ልጅቱ በየወሩ የምትልከውን ጨርሶ ማቋረጥ የማይቻል ከሆነ በግማሽ ይቀነስ፤ የተቀነሰውም ዶላር ሁሉ ለካርዱ ይዋል እንጂ ወደ ሌላ አይሂድ። ዋናው ነገር የመጨረሻው ቀን መታወቁ ነው። ማብቂያው የታወቀ ጾም አይከብድም።

ሦስተኛው የታናሽ ወንድሟ ነገር ነው። ይህ ልጅ ልቡ መልካም ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። የመዘዞ ገደል ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ እንደሚሰጥ ዓለም ካወቀው ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከየጣ ሸንተረር አካባቢ የወጣው ድንጋይ በውጭ አገር የዕንቁ መጽሔቶች ላይ ተጽፎለታል። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ በቀረ ዓለት ውስጥ እንደ እንቁላል ተድበልብሎ ይገኛል፤ ከላይ ሲያዩት ተራ ድንጋይ ነው፤ ሲሰበር በአንዳንዱ ውስጥ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይታያል።

ነገር ግን «በአንዳንዱ» ያልነውን ልጁ ልብ ይበል። ብዙው ተሰብሮ ባዶ ይሆናል፤ ቀለም ያለውም ቢሆን የመዘዞ ኦፓል ውኃው ሲደርቅ መሰንጠቅ የሚያበዛ መሆኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ የታወቀ ጉድለቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በወሎ ከወገል ጤና አካባቢ ሌላ ኦፓል ወጥቶ ገበያውን ይዞታል። በገደል ሥር በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ በናዳ የሰው ነፍስ እንደሚያጠፋም የቁፋሮ አገር ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ባንኩ በየወሩ በቀኑ ይጠይቃል፤ ኦፓል ግን ቀን የለውም። በየወሩ የሚመጣን ዕዳ በየወሩ በሚመጣ ገቢ እንጂ በዕድል ለመክፈል የተነሣ ሰው ዕዳውንም ትምህርቱንም ያጣል። እኅቱ የአባቷን ነፍስ በካርድ ገዝታለች፤ የወንድሟን ነፍስ ለካርዱ እንድትሰጥ አታድርጓት። ልጁ ይማር። ለእኅቱ መርዳት ከፈለገ በትርፍ ጊዜው በጎቹን ይጠብቅ፥ ለአባቱም እጅ ይሁን።

አራተኛው ድግሱ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቆብዎታል። አባወራው ታመው ሳሉ ለቅዱስ ሚካኤል ጥላ ለማስገባት ተስለዋል። ይህ ስለት ነው፤ ስለትም ይገባል። ጊዜውንና አፈጻጸሙን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ የቤትዎን ሁኔታ ሲሰሙ የሚመክሩዎት ምክር ይኖራቸዋል። ድንኳን ተክሎ፥ በሬ ጥሎ፥ ሁለት ቀበሌ ጠርቶ መደገስ ግን ስለቱ ውስጥ አልነበረም። ይህን የጨመረው «የአሜሪካ ልጅ ያላት ሴት ምን አለች?» የሚለው የሰው ወሬ ነው።

የዚህንም ዋጋ በቁጥር እናሳይዎ። ልጅዎ 1,000 ዶላሩን ለመላክ ከካርዱ ሌላ ገንዘብ የላትም። ዕዳዋ 7,000 ዶላር ይሆናል። በወር 300 ዶላር ብትከፍል በ26 ወር ይጠናቀቅ የነበረው 32 ወር ይፈጃል፤ የምትከፍለውም ከ7,740 ወደ 9,520 ዶላር ይወጣል። ስለዚህ የ1,000 ዶላሩ ድግስ በእውነቱ የ1,780 ዶላር ድግስ ነው። አንድ ቀን ተበልቶ፥ ልጅቱ ስድስት ወር ተጨማሪ ሌሊት ትሠራበታለች። ቅዱስ ሚካኤል ይህን ከእናንተ የሚፈልግ ይመስልዎታልን? ከቤት የተጋገረ ዳቦና የተጠመቀ ጠላ ይዘው፥ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላሉ ነዳያን ቢያካፍሉ፥ የተመሰገነው እግዚአብሔር ነውና ምስጋናው አይጐድልም። ጎረቤት ቢጠይቅዎ «አባወራዬን ያዳነልኝን ዕዳ እየከፈልሁ ነው» ይበሉት። ይህን መናገር አያሳፍርም። በቃሬዛ የተሸከሙት ጎረቤቶች ይህን ሳይረዱ የሚቀሩ አይደሉም።

ደብዳቤዎን ለልጅዎ የሚያነቡላት ከሆነ ለእርስዋም ጥቂት ቃል እንጨምር። ከሁሉ አስቀድሞ ካርዱን ከቦርሳሽ አውጪው፤ በሚፈስ ጋን ላይ ውኃ መጨመር አይጠቅምም። ደሞዝ በገባ ቀን፥ ሌላ ወጪ ሳይነካው የካርዱን ክፍያ አስቀድመሽ ክፈዪ። ለባንኩ ደውለሽ በአባትሽ ሕመም ምክንያት እንደ ተቸገርሽ ንገሪና ወለዱን እንዲቀንሱልሽ ጠይቂ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም የሚቀንሱበት ጊዜ አለ። ለትርፍ ያልቆሙ የብድር አማካሪ ድርጅቶችም በዚያ አገር አሉ፤ ከባንኮች ጋር ተነጋግረው ወለዱ ዝቅ ብሎ ዕዳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ በየወሩ የሚከፈልበትን ውል ያዘጋጃሉ። «ዕዳሽን በግማሽ እናስቀርልሻለን፤ አስቀድመሽ ግን ለእኛ ክፈዪ» ከሚሉት ግን ሽሺ። ዕዳ ሳያቃልሉ አስቀድሞ ዋጋ መቀበልን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ደንብ በስልክ ደንበኛ በሚይዙት ድርጅቶች ላይ ከልክሎታል።

ደግሞም ከአገርሽ ይዘሽው የሄድሽውን ጥበብ አትርሺ። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን እቁብ ይጥላሉ። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር የሚጥሉበት እቁብ 6,000 ዶላር ይደርሳል። የእቁቡ ሰዎች ችግርሽን አውቀው የመጀመሪያውን እጣ ቢለቁልሽ፥ የካርዱን ዕዳ በአንድ ቀን ዘግተሽ በ12 ወር ያለ ወለድ ለእቁቡ ትከፍያለሽ። 930 ዶላር ያህል ወለድ ይቀርልሻል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን እጣው ቀድሞ ከደረሰሽ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚደርስሽ ከሆነ ወለዱ እስከዚያ ይበላሻልና አይጠቅምሽም። የእቁቡን ጥል አንድ ወር እንኳ ማስተጓጐል የማይቻል መሆኑንም አስቢ፤ ባንክ ወለድ ይጨምራል፥ እቁብ ግን የሰው ፊት ያሳጣል።

ለቀሩት አንባብያን ደግሞ አንድ ማስታወሻ አለን። «እኛ ካርድ የለንምና ይህ አይነካንም» አትበሉ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብርና በዳሸን ባንክ በኩል «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮች በእጅ ስልክ ይሰጣሉ። በተለይ «እንደኪሴ» በኪስ ካለው በላይ መግዛት የሚያስችል ስለ ሆነ የካርዱ የሥጋ ዘመድ ነው። በችግር ቀን ይጠቅማል፤ ሲወሰድ ግን የአገልግሎት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ቀኑ ካለፈ ምን እንደሚጨመር አስቀድሞ ተጠይቆ ይወሰድ። ስልኩ የባል ብቻ ወይም የሚስት ብቻ ቢሆንም የብድሩ ነገር የሁለቱ ይሁን።

ዕዳ ከሜዳ የሚመጣበትን በር ማጥበብም ይቻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በብዙ የገጠር ወረዳ ተስፋፍቶአል። ቤተ ሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ፥ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ በሪፈር ሲሄድ፥ ውል በገቡ የመንግሥት ጤና ተቋማት ይታከማል። የግል ሐኪም ቤትን ዋጋ ግን እንደማይሸፍን ማወቅ ይገባል። መታወቂያውን ሰው ሲታመም ሳይሆን ሰው ሳይታመም ማውጣት ነው።

እኅታችን ሆይ፥ ደብዳቤዎን በጨረሱበት ቦታ እኛም እንጨርስ። «ልጄ ያን ሁሉ ገንዘብ ስትልክ አንድ ቀን እንኳ ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅኋትም» ብለው ጽፈዋል። ይህን የጻፉት እርስዎ ብቻ ይሁኑ እንጂ ያልጠየቅን ብዙዎች ነን። ዛሬ ማታ ይደውሉላትና ይጠይቋት። ከ14 ወር በኋላም የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመ ዕለት ይጻፉልን፤ በዚሁ ዐምድ ላይ ከእናንተ ጋር ደስ እንሰኛለን።

ለባለቤትዎ ሙሉ ጤናን፥ ለልጅዎ ብርታትን፥ ለቤታችሁም ሰላምን እግዚአብሔር ይስጥልን።